አሥራ አንድ ደቂቃ

ሞሱል፣ ኦክቶበር 6 ቀን 2024

ለወንድሜ ለጋኒም ልጅ ለአሲል፤

አሰላሙ ዓለይኪ ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። አላህ ጤናሽን ይጠብቅልሽ፤ የአገሩ ብርድ ወደ ልብሽ አይግባ፤ የአባትሽንም መቃብር ብርሃን ያድርግለት። እኔና አክስትሽ ኡሙ ሁማም አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ጉልበቴ ደረጃ ባየ ቁጥር ያለቅሳል እንጂ ሌላው አካሌ ገና ክስ አልመሠረተብኝም።

ስልክ እያለ ለምን በወረቀት እንደምጽፍልሽ ይገርምሽ ይሆናል። አክስትሽ የራሷን ስልክ ከእጇ አታወርድም፤ በኔ ስልክ ሳወራ ደግሞ ከጎኔ ተለጥፋ ነው የምታዳምጠው። የምጽፍልሽ ስለ ሁማም ክፍል ስለሆነ እንድትሰማ አልፈለግኩም። ደብዳቤውን የጉዞ ወኪሉ ዘይዳን በመንገደኛ እጅ ያደርስልሻል። መልሱንም እንደዚያው ላኪልኝ።

ክፍሉ ልጄ ከወጣበት ቀን ጀምሮ እንዳለ ነው። በዚያ በጦርነቱ ክረምት፣ ገና የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ሆኖ፣ "የአባዬን የደም ግፊት ኪኒን ፈልጌ መጣሁ" ብሎ ወጣ፤ በዚያው ቀረ። ስምንት ዓመት ሊሞላው ነው። አስከሬን ስላልተገኘ ኡሙ ሁማም ለቅሶ እንዳንቀመጥ ከልክላለች። ወንድሟ "ይብቃ፣ ፋቲሓ እንቀመጥለት" ቢላት ጫማውን ወደ ውጭ ወርውራ በሩን ዘጋችበት። ከክፍሉ መርፌ እንዲነሳ አትፈቅድም። ራሷም ደረጃውን አትወጣም።

ኮምፒውተሩ ግን ያለ ሰው ይነሳል። ሁማም ነው መብራት በመጣ ቁጥር በራሱ እንዲበራ ያደረገው፤ "እስኪነሳ እዚህ ቆሜ አላረጅም" ይል ነበር። እስከ ዛሬ የሰፈሩ ጄኔሬተር ሲነሳ እሱም ላይ ቤት ይነሳል። በሰዓቴ ለክቼዋለሁ፤ ሁሉም ነገር ተከፍቶ እስኪያልቅ አሥራ አንድ ደቂቃ ይፈጃል። አርባ ዓመት ሬዲዮ ስጠግን የኖርኩ ሰው ነኝ፤ የዕቃን ሕመም በጆሮዬ ነው የማውቀው። ሃርድ ዲስኩ ጠጠር የገባበት ወፍጮ መምሰል ጀምሯል። ዩኒቨርሲቲው በር ላይ ላለው የኮምፒውተር ሻጭ ድምፁን በስልኬ ቀድቼ ባሰማው፣ "ሐጂ፣ ይሄማ ነፍሱ አፉ ላይ ደርሳለች። ሳይሞት ኤስ ኤስ ዲ የሚባለውን አዲሱን ዓይነት ዲስክ ፈልግና ሁሉንም ወደዚያ ገልብጠው" አለኝ።

ለኡሙ ሁማም ስነግራት ትጮህብኛለች ብዬ ነበር። አልጮኸችም። "አድርግለት። ሲመጣ ቀርፋፋ ዕቃ እንዳይጠብቀው" አለች። እዚህ ገበያ ካለው ግማሹ ደህና የሆነው ማሸጊያው ብቻ ነው። ካንቺ አገር ጥሩውን ላኪልኝ፤ አሠራሩንም በወረቀት ጻፊልኝ። ካቻቪቴ አያያዝ ገና አልረሳሁም።

አጎትሽ ሙዛሒም


ማልሞ፣ ኦክቶበር 30 ቀን 2024

ለተከበሩ አጎቴ፤

ወዓለይኩም ሰላም ወራሕመቱላሂ። አላህ ዕድሜዎን ያርዝምልኝ፣ እርስዎንም አክስቴንም ለኛ ያቆይልን። እኔ ደህና ነኝ። የጥርስ ክሊኒኩ ሥራ ይዞኛል፤ ቀኑን ሙሉ አፋቸውን ከፍተው ዝም ከሚሉ ሰዎች ጋር ነው የምውለው። ለመልሱ የዘገየሁት ግን በሥራ ምክንያት አይደለም። ደብዳቤዎን እያነሳሁ መልሼ ስለማስቀምጠው ነው።

ኤስ ኤስ ዲው ልጇን ልትድር በምትመጣ ሴትዮ በኩል ይደርስዎታል፤ እንዳይጋጭ በሱፍ ካልሲ ጠቅልዬዋለሁ። ሲያዩት እንዳይደነግጡ፤ ከመዳፍ ያነሰና የላባ ያህል የቀለለ ነው። ውስጡ የሚሽከረከር ነገር የለውም፣ ድምፅም አይሰጥም። አሠራሩን በሌላ ወረቀት ጽፌልዎታለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንዎ። አሮጌውን እንዳለ አይገልብጡት። አዲሱን ባዶውን ያስገቡና ከመጀመሪያው ይጀምር። ፎቶዎቹን ብቻ ያውጡ። የዓመታት ኮተት ሁሉ ወደ አዲሱ ምን ያደርጋል?

ሌላም ጥያቄ አለኝ። የናንተ ጄኔሬተር በስንት ሰዓት ነው የሚነሳው? ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት ነው? እንዲሁ ለማወቅ ነው።

ባለፈው ለአክስቴ ስደውል ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ደህና ነው፣ አይዞሽ" አሉኝ። ስለ ማን እንደሆነ አልጠየቅኋቸውም።

አሲል


ሞሱል፣ ኖቬምበር 22 ቀን 2024

ለልጄ ለአሲል፤

የአላህ ሰላም ካንቺ አይለይ። በእጅሽ የነካሽውን ሁሉ ይባርክልሽ። ዕቃውን ከነካልሲው ተቀብያለሁ። ካልሲውን ኡሙ ሁማም ወሰደችው፤ "አሲል ለሁማም የላከችለት ነው" ብላ አጥፋ አስቀምጣዋለች።

ባዶውን ይጀምር ያልሽውን ለሷ ብነግራት፣ "የልጄን ቤት ልታፈርስብኝ ነው የላከችው? አንዲት ፊደል ብትጎድል አልምርህም!" አለችኝ። እኔም ብሆን ካንቺ ጋር አልስማማም። ሬዲዮ ስጠግን የሰው ጣቢያ አዛውሬ አላውቅም፤ ሰውዬው የተወው ቦታ ላይ ነው የምመልስለት። ሁሉም እንዳለ ይገለበጣል።

የጄኔሬተሩን ሰዓት ጠየቅሽኝ። ምነው ልጄ፣ ማልሞ ላይ ሆነሽ የኛን መብራት ልትቆጣጠሪ ነው? የመንግሥቱ መብራት ቀን ላይ የለም፤ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ የሰፈሩ ጄኔሬተር ባለቤት አቡ ሪያድ ያስነሳዋል። ቤቱ ሁሉ ማብሪያውን ሳያጠፋ ስለሚተወው መብራት መምጣቱን የሚነግረን አምፖሉ ነው። አርብ አርብ ግን ከጁምዓ በኋላ ምሳውን አማቶቹ ቤት ስለሚበላ አሥራ አንድ ሰዓት ይሆንበታል። ጎረቤቱ በሙሉ አማቶቹን ይራገማል።

አንድ ነገር ልንገርሽ። ኡሙ ሁማም ሁልጊዜ አሥር ሰዓት ሲል ደህናውን ሻሿን አስራ መስኮቱ ሥር ትቀመጣለች፤ ስልኳን በሁለት እጇ ይዛ ትጠብቃለች። ትንሽ ቆይታ ፈገግ ትላለች፤ ከዚያ ተነስታ እራት ትሠራለች። ድራማ ነው የምታየው ብዬ እተዋታለሁ። በዓመታት ውስጥ የምትስቅበት ሰዓት ይኸው አንድ ነው፤ ምን አገባኝ ብዬ ነው።

አጎትሽ


ማልሞ፣ ዲሴምበር 17 ቀን 2024

ለተከበሩ አጎቴ፤

ሰላምና ረሕመት ለርስዎ ይሁን። ዛሬ ምርቃቱን ሳላሳጥር ብጽፍ ፍርሃቴ ይመለስና እንደገና እቀደዋለሁ። ስለዚህ ይቅር ይበሉኝ፣ በቀጥታ እናገራለሁ።

ኮምፒውተሩን ገና ካልነኩት አይንኩት። እለምንዎታለሁ።

በስልኬ ላይ መልእክት የምንላላክበት ነገር አለ። ሰው ሲከፍተው ከስሙ ጎን አረንጓዴ ነጥብ ይበራል። ሁማም ከጠፋ በኋላ በሦስተኛው ወር፣ ሥራ ፍለጋ ተቀምጬ ሳለሁ፣ የሁማም ስም በራ። ስልኩን መሬት ላይ ጣልኩት። ሳነሳው አሁንም በርቷል። ጻፍኩለት፤ መልእክቱ "ደርሷል" አለኝ፤ መልስ ግን የለም። በማግስቱም በራ። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ይበራል። ዓመት ሙሉ ሥራ ላይ ሆኜ ሰዓቱ ሲደርስ ስልኬን ደብቄ እከፍት ነበር። አንዳንዴ በሕይወት አለ እላለሁ፤ አንዳንዴ ደግሞ ከመቃብር ሆኖ ይጠብቀኛል እላለሁ።

ሰዓቱን የጠየቅኩዎ ለዚህ ነው። እዚህ አሁን በክረምቱ ስሙ የሚበራው ስምንት ሰዓት ከአሥራ አንድ ደቂቃ ነው። የናንተ አሥር ሰዓት ማለት ነው፣ ኮምፒውተሩ እስኪነሳ የሚፈጀው አሥራ አንድ ደቂቃ ሲጨመርበት። አርብ አርብ አንድ ሰዓት ይዘገያል። የአቡ ሪያድን አማቶች ሲነግሩኝ ወንበር ይዤ ተቀመጥኩ። የሚበራው ሁማም አይደለም፤ ጄኔሬተሩ ነው። ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሱ ስም አብሮ ይከፈታል።

አክስቴም ያዩታል። ሻሻቸውን አስረው የሚጠብቁት ድራማ አይደለም። በስልክ "ደህና ነው" ያሉኝ ለዚህ ነው። እስካሁን አምፖሉ ከበራ በኋላ ስሙ እስኪበራ ብዙ ስለሚቆይ ሁለቱን አላገናኙትም። አዲሱ ዕቃ ግን በሰከንድ ያነሳዋል። አክስቴ ደግሞ ሞኝ አይደሉም።

አሮጌው ዲስክ መሞቱ ካልቀረ ግን አውጥተው ለኔ ይላኩልኝ። እዚህ አስተካክላለሁ። ሌላው ሁሉ ይቅር።

አሲል


ሞሱል፣ ጃንዋሪ 4 ቀን 2025

ለልጄ ለአሲል፤

ሰላም ላንቺ፣ አዲሱን ዓመት አላህ የደስታ ያድርግልሽ። መልስሽ ስለዘገየ ደብዳቤሽን ሳልጠብቅ ሥራውን ጨረስኩት። የሽማግሌ አጎትሽን ጀብዱ ስሚ።

መጀመሪያ አቡ ሪያድ ዘንድ ሄጄ፣ "ነገ አንድ ጊዜ ካስነሳኸው ለአራት ሰዓት ያህል እንዳታጠፋብኝ፤ ሲገለበጥ መሃል ላይ ከተቋረጠ የሁማም ኮምፒውተር አለቀለት" አልኩት። ናፍጣ በተነካ ቁጥር የሚጮኸው ሰውዬ "ለሁማም ከሆነ ቀኑን ሙሉ ይሥራ" አለ። ከዚያ ክዳኑን ፈታሁ፤ ብሎኖቹን እንደ ሱቄ ጊዜ በሾርባ ሳህን ላይ በተራ ደረደርኩ። ወረቀትሽን ግድግዳ ላይ ለጥፌ፣ አዲሱን በኬብል አያይዤ፣ መገልበጡን አስጀመርኩት። ቀኑን ሙሉ ከዚያ ጠጠር ከሚፈጭ ዲስክ ጎን ተቀምጬ "አይዞህ፣ ትንሽ ቀረህ" ስለው ዋልኩ። አዲሱን በቦታው አስሬ ማብሪያውን ስጫን አሥራ ስምንት ሰከንድ! ጆሮዬን ብለጥፍበት ምንም ድምፅ የለም። በኔ ሙያ ዝም ያለ ዕቃ የሞተ ዕቃ ነው፤ እና እውነቱን ልንገርሽ፣ ደስ እያለኝ ከፋኝ። ያ ጩኸት ከላይ ሲመጣ ለካ እኔም ቤቱ ውስጥ ሰው እንዳለ እቆጥር ኖሯል።

ኡሙ ሁማም በማግስቱ ከታች ሆና እልል አለች። ለኮምፒውተሩ ነው መሰለኝ።

ጃንዋሪ 9 ቀን። መንገደኛው ቀርቶ ደብዳቤው እጄ ላይ ከረመ። ስለዚህ የቀረውን እዚሁ እጽፈዋለሁ።

እልልታዋ ለኮምፒውተሩ አልነበረም። በዚያው በመጀመሪያው ቀን፣ "ዛሬስ ቸኩሎ መጣ" አለች። ማን ብላት ወደ ጓዳ ገባች። በሁለተኛው ቀን እራት አልሠራችም። በሦስተኛው ቀን አሥር ሰዓት ላይ መስኮቱ ሥር አልተቀመጠችም፤ አምፖሉ ሥር ቆመች፣ ስልኳን ከፍ አድርጋ። አምፖሉ በራ። ዓይኗን አንዴ ወደ ላይ፣ አንዴ ወደ ስልኩ አደረገች። ከዚያ ደረጃውን ያዘች። ስምንት ዓመት ሊሞላ ያልረገጠችውን ደረጃ! እኔ ከኋላዋ እያነከስኩ ተከተልኳት። የሁማም ኮምፒውተር በርቶ ነበር።

"ብሬከሩን አውርደው" አለችኝ።

"የቱን?"

"የዚህን ክፍል። አውርደው ስልህ።"

አወረድኩት። ስልኳን ዓይን ዓይኑን እያየች ጥቂት ቆየች። "ጠፋ" አለች። "አሁን አውጣው።" አወጣሁት። በውስጤ ሳልቆጥር አልቀረሁም። "መጣ" አለች። አራት ጊዜ አስወረደችኝ፣ አራት ጊዜ አስወጣችኝ። በአራተኛው የሁማም አልጋ ጫፍ ላይ ቁጭ አለችና፣ "አቡ ሁማም፣ ይሄን ሁሉ ዓመት ከጄኔሬተር ጋር ነው ያወራሁት" አለችኝ። ያኔ ነው ሁሉንም የነገረችኝ። የታሰረበት ቦታ ለአፍታ ስልክ ይሰጡታል፣ መጻፍ ግን አይፈቅዱለትም ብላ ታምን ነበር። አርብ የሚዘገየው ጠባቂዎቹ ጁምዓ ስለሚሄዱ ነው ብላ ነበር። እኔ እንዳልስቅባት ደብቃኛለች። አላህ ይየው፣ እኔ እስቅባት ነበር?

እዚያው ኮምፒውተሩ ላይ መልእክቶቹን ከፈትናቸው። የሷ ብቻ መጨረሻ የለውም። "ምን በላህ?" "ብርድ ልብስ ሰጡህ?" "እንዳትመልስልኝ፣ ይቀጡሃል። ማየት ይበቃኛል።" በየቀኑ። አንዱም አልተነበበም። ከሷ ሥር ያንቺ ስም ነበር፣ አሲል። የመጨረሻዎቹን አይደለም፤ ወደ ላይ ወጥታ ሁማም በጠፋበት ቀን የጻፍሽውን አነበበችው። "ሁማም ዲፕሎማው ይቅር። ተመለስ። የት ደረስክ?"

ደብዳቤሽ ዛሬ ጠዋት ደረሰኝ። አይንኩት ያልሽውን አነበብኩ። ስለ ነጥቡ ጽፈሻል፤ ስለ ዲፕሎማው ግን አንድ ቃል የለም። አሲል፣ እኔ ልጄ ለኔ ኪኒን ወጥቶ ሞተ ብዬ ነው የኖርኩት። ያን ኪኒን ጠዋት ጠዋት በዋጥኩ ቁጥር ልጄን የዋጥኩ ይመስለኛል። የምን ዲፕሎማ ነው? ንገሪኝ።

ሙዛሒም


ማልሞ፣ ፌብሩዋሪ 1 ቀን 2025

አጎቴ፤

ሰላም እንድልዎ ይፈቀድልኝ እንደሆነ አላውቅም።

ያን ጊዜ እኔና እናቴ አርቢል ነበርን፤ ወደ ማልሞ ለመሄድ እየተዘጋጀን። የትምህርት ማስረጃዬ ሞሱል፣ ፈይሰሊያ ሰፈር ያለው ቤታችን፣ ከቁርኣኑ መደርደሪያ ሥር ባለው መሳቢያ ውስጥ ቀርቶ ነበር። ያለሱ ማንም አይቀበለኝም ብዬ ጠዋት ለሁማም ደወልኩለት። "መንገዱ አሁን ትንሽ ጋብ ብሏል፣ በአንድ ሰዓት እመለሳለሁ" አለኝ። "ለአጎቴ ምን ትላለህ?" ስለው ሳቀና፣ "ኪኒን ልፈልግ ነው እላለሁ። ለወረቀት ነው ካልኩ አይለቁኝም" አለ። እኔም ሳቅሁ።

እዚህ ስደርስ ማስረጃውን ማንም አልጠየቀኝም። ፈተና ሰጡኝ፣ አለፍኩ። ወረቀቱ አላስፈለገም ነበር።

ለቅሶ ደርሼ እነግራችኋለሁ ብዬ ነበር፤ ለቅሶ አልተቀመጣችሁም። ከዚያ ስሙ መብራት ጀመረ። አክስቴ ተስፋ ሲያደርጉ እያየሁ ዝም አልኩ። ባዶውን ይጀምር ያልኩት ለአክስቴ ስል ብቻ አልነበረም። መልእክቴ እንዳይገኝ ነው። ኪኒኑ በርስዎ ላይ እንዲህ መክበዱን አላውቅም ነበር፤ ባውቅ እናገር ነበር ብዬ ግን አልምልም።

አሲል


ሞሱል፣ ፌብሩዋሪ 19 ቀን 2025

አሲል፤

ሰላም ብዬ ልጀምር ሦስት ጊዜ ሞክሬ ሦስቱንም ቀደድኩት። ይኸው አሰላሙ ዓለይኪ። ሰላምታው የአላህ ስለሆነ ነው የማልነፍግሽ፤ ከኔ አይደለም።

አጎትሽ ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበበልኝ። በማግስቱ ጠዋት ኪኒኑን በውሃ ዋጠና ብርጭቆውን አስቀመጠ። ፊቱ ሳይጠቁር ሲውጠው ሳየው ስንት ዓመቴ ነው! ስለዚህ አንቺን ማመስገን ይገባኝ ይሆናል። አላመሰግንሽም።

ኮምፒውተሩ ከእንግዲህ በራሱ አይነሳም። አጎትሽ አስተካክሎታል። እኛ ስንፈልግ እንከፍተዋለን፣ የሁማምን ፎቶ ቶሎ ያወጣልናል፣ አይተን እንዘጋዋለን። የጻፍኩለትን አላጠፋሁትም፤ ያንቺንም አላስጠፋሁትም።

ለቅሶ ልንቀመጥ ነው። ወንድሜን ሄጄ በሩ ላይ ይቅርታ ጠየቅኩት። ወንዶቹ መንገዱ ላይ ድንኳን ይጥላሉ፣ ሴቶቹ ቤት ውስጥ፣ ሦስት ቀን። ሰው ሁሉ ከረመዳን በፊት ይሁን አለ። ከዒድ በኋላ በሁለተኛው አርብ እንዲሆን ያደረግኩት እኔ ነኝ። ከማልሞ እስከዚህ መንገዱ ሩቅ ነው።

በሴቶቹ በኩል ከሟች እናት ቀኝ የምትቀመጠው የሟች እህት ናት፤ የሚገባውን ሰው እሷ ናት የምትቀበለው፣ እናትየው ስትወድቅ የምታነሳትም እሷ ናት። ሁማም እህት የለውም። ጎረቤት ትቀመጥ ብለውኝ እምቢ አልኩ።

ይቅር አላልኩሽም። ነይና ተቀመጪ።

ውጅዳን፣ የሁማም እናት